ለእማማ የማይሸጥ ጠርሙስ

የዚያን ቀን ጠዋት ወንድሟ የጫማውን ክር ማየት አቅቶት ነበር። ጎንበስ ብሎ በጣቱ ሲዳብስ ቆየና፣ "ይቺ ክፍል ጭስ ገብቶባታል እንዴ?" አለ።

ጭስ አልነበረም። መስኮቱ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ፀሐይዋ አልጋው ድረስ ገብታለች። ልጅቷ የጥርስ ብሩሿን አፏ ውስጥ እንደያዘች ዞር ብላ አየችው።

"ዐይንህን ታጠበው።"

"ታጥቤያለሁ ባክሽ። ሁሉም ነገር እንደ ወተት ሆኖብኛል።" ከዚያ እንደ ልማዱ ሳቀ። "በይ አሁን ሽበትሽን ቀቢ፣ አርፍደናል።"

ማታ ሲገባ ኮቱ ስር የደበቃትን የፕላስቲክ ጠርሙስ አይታለች። አይታም ዝም ብላለች፤ ምክንያቱም እሱ ታላቅ ወንድሟ ነው፣ ያሳደጋትም እሱ ነው።

ወንድምና እህቱ የሚሠሩት በአንድ የድራማ ቡድን ውስጥ ነው። ቡድኑ በየትምህርት ቤቱና በየአዳራሹ እየዞረ የመጠጥን ጉዳት የሚያስተምር አጭር ድራማ ያሳያል። እሱ ሰካራሙን ይጫወታል። እሷ ገና አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ግን ድምጿ ወፈር ያለ፣ ለቅሶዋም አንጀት የሚበላ ስለሆነ የሰካራሙን እናት ትጫወታለች። ፀጉሯ ላይ ዱቄት ትነሰንሳለች፣ ግንባሯ ላይ በእርሳስ መጨማደድ ትስላለች፣ ሰፊ ሻርፕ ትደርባለች፤ ከሩቅ ላያት በቃ አሮጊት ናት። የሰፈር ሰው እሱን "ሰካራሙ"፣ እሷን "እማማ" ብሎ አውጥቶላቸው ቀርቷል። ዳቦ ልትገዛ ስትወጣ እንኳ፣ "እማማ፣ ልጅዎ ዛሬ በእግሩ ገባ ወይስ በሸክም?" የሚላት አይጠፋም።

ፎቷቸውም በየግሮሰሪው በር ላይ ተለጥፏል። እሱ መሬት ላይ ተዘርሯል፤ እሷ ጭንቅላቱን ታቅፋ አፏን ከፍታ ታለቅሳለች። ከስሩ በቀይ ቀለም፣ "ከአሥራ ስምንት ዓመት በታች መሸጥ ወንጀል ነው" ይላል።

ወንድሟ ድሮ መጠጥ የሚባል ነገር በአፉ አይዞርም ነበር። ግን በሥራው ቀልድ አያውቅም። "ሰካራም ከመታየቱ በፊት ይሸታል" ይል ነበር። ስለዚህ መድረክ ከመውጣቱ በፊት አንድ ጉንጭ ጠንካራ መጠጥ ይጉመጠመጥና ይተፋል፤ ትንሽም ኮቱ ላይ ያፈሳል። የፊት ወንበር ላይ ያሉት ሰዎች አፍንጫቸውን ሲይዙ ደስ ይለዋል። መትፋቱን መቼ እንደተወ ልጅቷ አታውቅም። አንድ ቀን ከመጋረጃው ኋላ ሆና ስታየው ጉሮሮው ከፍ ዝቅ አለ፤ ያን ቀን ነው የገባት።

ግሮሰሪ ሄዶ እንዳይገዛ ደግሞ ፎቶው በሩ ላይ አለ። "ሰካራሙ! ለድራማው ነው ወይስ ለራስህ?" እያሉ ይስቁበታል። አፈረ። ስለዚህ ማንም ስሙን ከማይጠይቀው፣ ማንም ከማያየው ቦታ፣ ከሰፈሩ ጋራዥ ኋላ፣ ምንም ያልተጻፈበት የፕላስቲክ ጠርሙስ መጠጥ ይገዛ ጀመር።

በዚያን ቀን የሚጫወቱት ትልቅ አዳራሽ ውስጥ ነበር። የከተማው ሰው ተሰብስቦ የመጠጥ መሸጫው ዕድሜ ከአሥራ ስምንት ወደ ሃያ አንድ ይደግ ወይስ ይቅር በሚለው ተከራክሮ ድምፅ ይሰጣል። ክርክሩ ሲያበቃ ድራማው፣ ከድራማው በኋላ ድምፅ። የቡድኑ አስተባባሪ ከረባቱን አሥሬ እያስተካከለ፣ "ዛሬ አልቅሺ! ዛሬ ካላለቀስሽ መቼም አታለቅሺም!" እያለ ልጅቷን ይወተውታታል።

እሷ ግን በመጋረጃው ጥግ ወንድሟን ነው የምታየው። ግድግዳውን ተደግፎ ዐይኑን ጨፍኗል።

አዳራሹ ውስጥ አንድ ቀጭን ተማሪ ተነስቶ፣ "በአሥራ ስምንት ዓመቴ እመርጣለሁ፣ አገባለሁ፣ ወታደር እሆናለሁ፤ አንድ ቢራ ብቻ አይፈቀድልኝም?" ሲል፣ ከኋላ አንድ ሽማግሌ፣ "ካገባህማ አንድ አይበቃህም!" ብለው ቤቱን በሳቅ አናወጡት። አንዲት ጥቁር የለበሱ እናት ማይኩን ተቀበሉ። ድምፃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። "የኔ ልጅ አሥራ ዘጠኝ ነበር" አሉ፤ "እናንተ ቁጥር ትነጋገራላችሁ። እኔ የምፈልገው አንድ የሚከለክለው ሰው ነበር፤ ማንም ይሁን ማን" ብለው ተቀመጡ። ያኔ የሳቀ አልነበረም።

ከዚያ ከሆስፒታሉ ፊት ለፊት ያለችው ባለግሮሰሪ ተነሳች። ወፈር ያለች፣ ነጠላ ጫማ የምታደርግ፣ ማንንም የማትፈራ ሴት ናት።

"እኔ መታወቂያ ሳላይ አልሸጥም" አለች። "ግን እስቲ ልጠይቃችሁ፤ እኔ ስከለክለው ቤቱ ገብቶ ውሃ የሚጠጣ ይመስላችኋል? ምን እንደሆነ የማይታወቅ ነገር ካለበት ይሄዳል። እኔ የምሸጠው ቢያንስ ስም አለው።"

"ኪስሽ ነው የሚናገረው!" አለ አንዱ። ሌሎችም አጉረመረሙባት።

"ይናገር! ሌባ አይደለሁ!" ከዚያ ዐይኗ በመጋረጃው ጥግ የቆመችው ልጅ ላይ አረፈ። "መታወቂያ አታይም የሚል ካለ ያቺን ጠይቋት፤ አታላይዋን። እኔ መሄዴ ነው፤ ሱቄን ለማን ጥዬ ነው የሰው ስድብ የምጠጣው!" ብላ ነጠላ ጫማዋን እያንጓጓች ወጣች።

ልጅቷ ወደ ውስጥ ሸሸች። ነገሩ እውነት ነበር። አምና አስተባባሪው የትኛው ሱቅ ለልጅ እንደሚሸጥ ለማጋለጥ እሷን በየግሮሰሪው ይልካት ነበር፤ ራሱ ጥግ ይዞ በስልኩ ይቀርጻል። ባለግሮሰሪዋ አልሸጥም ብላ መልሳት ነበር። ልጅቷ ግን የሰለጠነች ተዋናይት አይደለች? "አባቴ ወገቡን አሞት መነሳት አቅቶታል፣ ለማሻሻ ነው" ብላ አለቀሰች። ሴትየዋ አዘነችና ሰጠቻት። ሱቁ አንድ ወር ሙሉ ታሸገ።

ድራማው ተጀመረ።

ወንድሟ እየተንገዳገደ ወጣ። ጠረጴዛው ቦታውን አልለቀቀም፣ ሁልጊዜ የሚቀመጥበት ነው፤ እሱ ግን በሆዱ ሄዶ ተላተመበት። ሕዝቡ ሳቀ። ጠርሙሱን ሊያነሳ እጁን ሰደደና አየር ጨበጠ። ሕዝቡ በጣም ሳቀ። "አቤት ሲችልበት!" አለ አንዱ። ልጅቷ ከጎን ሆና ጥፍሯን መዳፏ ላይ ተከለች። እንደዚህ ተለማምደው አያውቁም።

ከዚያ ወደቀ። ሮጣ ገባች፣ ተንበረከከች፣ ጭንቅላቱን ታቀፈች። በድራማው ይሄ ቦታ ላይ በሻርፑ ስር እጁን ትይዛለች፤ የሁለቱ ምስጢር ናት። አወዳደቁ ከባድ ስለሆነ፣ ሁለት ጊዜ መዳፏን በጣቱ መታ ካደረገ "ደህና ነኝ፣ ቀጥይ" ማለቱ ነው። አንድ ጊዜ ከሆነ "ተጎድቻለሁ፣ አቁሙ።" አንድ ጊዜ መትቷት አያውቅም።

ጠበቀች። ምንም የለም።

መዳፉን ጨመቅ አደረገችው። ምንም። ትንፋሹ ሲሮጥ እንደዋለ ውሻ ቶሎ ቶሎ ይላል፤ ግንባሩ ቀዝቅዞ ረጥቧል።

"የሰው ያለህ!" ብላ ጮኸች። "ኧረ የሰው ያለህ! አድኑልኝ!"

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ድራማው ላይ ያለው ቃል እኮ ይኸው ነው። ሁልጊዜም "የሰው ያለህ፣ አድኑልኝ" ብላ ነው የምታለቅሰው። ወደ መጋረጃው ዞረች፤ አስተባባሪው እንባውን እየጠረገ "ጨምሪበት!" ብሎ በእጁ ምልክት ሰጣት።

"ድራማ አይደለም! እውነቴን ነው! ኧረ በፈጠራችሁ!"

ጭብጨባው ባሰ። የፊት ወንበር ላይ አንዲት ሴት መሐረብ አውጥታ አፍንጫዋን ተናፈጠች። በተንሰቀሰቀች ቁጥር ይበልጥ ያጨበጭቡላታል። ያኔ አንድ ዓይነት ፍርሃት ያዛት፤ ጉድጓድ ውስጥ ሆነው ሲጣሩ ከላይ ያሉት ዘፈን መስሏቸው የሚጨፍሩ ዓይነት።

ለቅሶዋን አቆመች። ጭንቅላቱን ቀስ ብላ መሬት ላይ አኖረችና ተነስታ ቆመች። ዳቦ እንደምትገዛበት ድምፅ፣ ዝግ ብላ ተናገረች።

"ይሄ ልጄ አይደለም። ወንድሜ ነው። አልነቃ ብሎኛል። መኪና ያለው ሰው ይርዳኝ።"

ጭብጨባው ቆመ። አንዱ ከኋላ ሳቅ ሊል ሞከረና ሳቁ አፉ ላይ ቀረ። ጥቁር የለበሱት እናት ከወንበራቸው ተነስተው መድረኩ ላይ ወጡ፤ የልጁን አንገት ነክተው፣ "ኧረ እውነቷን ነው! ምን ትጎለታላችሁ!" ብለው ጮኹ።

በአስተባባሪው መኪና ነው የወሰዱት። አስተባባሪው እየነዳ በመስታወቱ ያያታል። "ስሚኝ፤ ምግብ ሳይበላ ደክሞት ወደቀ በይ። መጠጥ የሚል ቃል ከአፍሽ እንዳይወጣ። ዛሬ ድምፅ የሚሰጥበት ቀን ነው፣ የለፋንበት ሁሉ ገደል ይገባል። ገባሽ?" ራሷን ነቀነቀች። እንኳን ለመከራከር ለመተንፈስም አቅም አልነበራት። ሆስፒታሉ በር ላይ አራግፏቸው ወደ አዳራሹ ተመለሰ።

ሐኪሟ ወጣት፣ ዐይኖቿ በድካም የቀሉ ሴት ነበረች። "ምን ሆነ?"

"ደክሞት... ምግብ ሳይበላ..."

ሐኪሟ ወደ ኮቱ ጎንበስ አለች። "መጠጥ ይሸታል እኮ።"

"ለድራማ ነው። ኮቱ ላይ ያፈሰው ነው። ሰካራም ስለሚጫወት።"

"እንደዚያ ነው?" አለችና አጠገቧ ለቆመው ነርስ "ስኳሩን ለካው" ብላ አዘዘች። ልጅቷ ግድግዳው ጋ ቆመች። እውነት ነው፣ ኮቱ ላይ ያፈሰው ነው። በዚህ እንኳ አንድም ውሸት አልተናገረችም። የወንድሟ ደረት ይወጣል ይወርዳል፣ ይወጣል ይወርዳል፤ በየመካከሉ የሚያቆም ይመስላታል። ነርሱ "ስኳሩ ደህና ነው" አለ። ሐኪሟ ግራ ገብቷት ባትሪዋን ዐይኑ ላይ አበራች፣ አጠፋች፣ እንደገና አበራች።

"ጠጥቷል" አለች ልጅቷ። ድምፁ ከየት እንደወጣ ለራሷም አልታወቃትም። "ትናንት ማታ። ከጋራዡ ኋላ የሚሸጠውን፣ ምንም ያልተጻፈበትን። ጠዋት ሁሉም ነገር እንደ ወተት ሆነብኝ ብሎኝ ነበር።"

የሐኪሟ እጅ አየር ላይ ቀረ። "ቀድመው አይናገሩም ነበር?" አላለቻትም። በፍጥነት ለነርሱ ብዙ ነገር አዘዘችና ወደ እሷ ዞረች። "የጠጣው ለመጠጥ ያልተሠራ አልኮል ነው፤ ዐይንም ነፍስም ይወስዳል። ማርከሻው እኛ ጋ የለም፣ ከትልቁ ሆስፒታል አስመጣለሁ፤ ግን እስኪደርስ አንጠብቅም። እስከዚያ መርዙን የሚያዘገየው ንጹሕ መጠጥ ነው።"

"መጠጥ?"

"አዎ መጠጥ። እኛ ለክተን በቱቦ እንሰጠዋለን። ፋብሪካ ያሸገው፣ ያልተከፈተ፣ ከሁሉም ጠንካራው ይሁን። እናቱ ነዎት አይደል? ይሩጡ!"

ሮጠች። ያ ሁሉ ግሮሰሪ ተዘግቷል፤ ባለቤቶቹ አዳራሽ ናቸው። የተከፈተው አንድ ብቻ ነበር፤ ተሰድባ የተመለሰችው ሴትዮ ሱቅ። በሩ ላይ የራሷ ፊት አፉን ከፍቶ ያለቅሳል።

"እትዬ! አንድ ጠርሙስ ይስጡኝ! ጠንካራ! ያልተከፈተ!"

ባለግሮሰሪዋ ከሽቦው ወንፊት ኋላ ሆና ከእግር እስከ ራሷ አየቻት። ከዚያ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች፤ ደስታ የሌለበት ሳቅ ነበር።

"እሰይ! ዛሬ ደግሞ ሽበት ቀብተሽ መጣሽ? ዕድሜሽ ስላልደረሰ አሮጊት አደረጉሽ? የት ቆሟል ያ ከረባታሙ፣ ካሜራውን ይዞ?"

"ማንም የለም! ወንድሜ ሊሞትብኝ ነው! ሐኪሟ ናት የላከችኝ!"

"ባለፈው አባትሽ ነበር የታመመው።"

"አባቴ የለም! ድሮ ነው የሞተው። ያኔ ዋሽቼ ነው፤ አሁን ግን..."

"በሙት አባትሽ የዋሸሽ፣ በወንድምሽ ብትዋሺ ምን ይገርማል? ሂጂ ልጄ። እንጀራዬን አንዴ ዘግተሽብኛል፤ ሁለተኛ አትዘጊብኝም።"

ልጅቷ ወንፊቱን በሁለት እጇ ያዘችና አለቀሰች። እንባዋ የእርሳሱን መጨማደድ እያጠበ አገጯ ላይ ወረደ። ሴትየዋ በሩን በአገጯ አመለከተቻት። "ይሄንን ለቅሶሽን ለጥፈሽልኝ የለ እንዴ? ሱቅ ስከፍትም ስዘጋም አየዋለሁ።"

ጠርሙሱ እዚያው ነው፤ ሦስተኛው መደርደሪያ ላይ፣ ክንድ ብትዘረጋ የምትደርስበት፣ ግን ከሽቦው ወዲያ። ከመንገዱ ማዶ የሆስፒታሉ መስኮት ይታያል። ከመስኮቱ ኋላ ያ ደረት ይወጣል ይወርዳል፤ ወይም አቁሟል። ዛሬ ለሁለተኛ ጊዜ እንባዋ በር ዘጋባት። ፊቷን በሻርፑ ጠረገች፤ ዱቄቱም እርሳሱም አብሮ ተጠረገ።

"አይሽጡልኝ" አለች።

"ምን?"

"አይሽጡልኝ። እኔ አልነካውም። ጠርሙሱን ራስዎ ይያዙትና ይከተሉኝ፤ ለሐኪሟ በእጅዎ ይስጧት። ዋሽቼ ከሆነ እዚያው አደባባይ ላይ ያዋርዱኝ።"

ሴትየዋ ወደ ወንፊቱ ጠጋ ብላ አየቻት። አሁን ከፊቷ የቆመችው ፊቷ የተዥጎረጎረ ልጅ ናት።

"ወንድምሽ ምን ሆኖ ነው?"

"ጠጥቶ ነው፤ ምን እንደሆነ አላውቅም። ከጋራዡ ኋላ..."

"ወይኔ!" አለች ሴትየዋ። ድምጿ ተለወጠ። "ወይኔ ልጄን! እሱን እኮ ነበር የምላቸው!" ጠርሙሱን ከመደርደሪያው መነጨቀችና በሩን እንኳ ሳትዘጋ ወጣች። "ቅደሚ! ሂጂ፣ ቅደሚ!"

ሴትየዋ መሮጥ አትችልም። ነጠላ ጫማዋ ይወልቃል፣ ቆማ ታደርጋለች፣ እንደገና ይወልቃል። ልጅቷ ክንዷን ልትይዝ ስትል፣ "እንዳትነኪኝ! ብጥለውስ?" ብላ ጮኸችባት፤ በመጨረሻ ጫማውን አስፋልቱ ላይ ጥላ በባዶ እግሯ ሄደች፤ ጠርሙሱን እንደ ሕፃን ደረቷ ላይ አቅፋ። ልጅቷ ሁለት እርምጃ እየቀደመች፣ እየተመለሰች፣ እየቀደመች፣ ያቺን አጭር መንገድ ዕድሜ ልኳን የሄደችባት መሰላት። በሩ ጋ ሲደርሱ እግሯ አልገባም አላት። ከገባች ታውቀዋለች። ካልገባች ገና አላወቀችም።

"ምን ትገተሪያለሽ!" ብላ ባለግሮሰሪዋ በትከሻዋ ገፋቻት።

ይተነፍስ ነበር።

ሐኪሟ ክዳኑን ሰብራ ከፈተች፣ ለካች፣ በውሃ ቀየጠች፤ በአፍንጫው በገባችው ቀጭን ቱቦ ቀስ እያለ ገባለት። ልጅቷ በየመድረኩ "አንድ ጠብታ መርዝ ናት" ስትል የኖረችው ነገር በጠብታ ወንድሟ ውስጥ ሲወርድ ቆማ አየች። ሐኪሟ ሳትጠየቅ፣ "ይቺ ለዛሬ፣ በልክ፣ በእኛ እጅ ነው" አለቻት።

ባለግሮሰሪዋ ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር አግኝታ ተቀመጠች። የተረፈውን ጠርሙስ ጭኗ ላይ አድርጋለች። ነርሱ ሊቀበላት ሲል፣ "እኔው እይዘዋለሁ" አለች። ከዚያ ለልጅቷ፣ "አልሸጥኩልሽም፤ ልብ አድርጊ" አለቻት። ልጅቷ ልትስቅ ፈልጋ ነበር፣ ከንፈሯ አልታዘዝ አላት።

የልጅቷ ስልክ ጮኸ። አስተባባሪው ነው። ከኋላው ጭብጨባ ይሰማል።

"ጸደቀ! ሃያ አንድ ሆነ! ያንቺ ለቅሶ ነው ሰውን ያሸነፈው! ሰካራሙ እንዴት ነው?"

"ጠጥቶ ነው ብዬ ተናግሬያለሁ።"

"ለማን?"

ስልኩን ዘጋችው።

ማርከሻው ከትልቁ ሆስፒታል ሲደርስ ፀሐይዋ ከመስኮቱ ወደ ግድግዳው ዞራ ነበር። ሐኪሟ መድኃኒቱን ሰቀለችና፣ "ነፍሱን የምናተርፍ ይመስለኛል" አለች። "ዐይኑን ግን እንጃ። ሲነቃ እናያለን።"

ልጅቷ አልጋው አጠገብ ተንበረከከች። መድረክ ላይ እንደምታደርገው በአንሶላው ስር እጁን ፈልጋ መዳፏን ከጣቶቹ ስር አስገባች። ጠበቀች። የምታውቀውን ሁሉ ረስታ ያቺን መዳፏን ብቻ ሆነች።

መታ አደረጋት።

ሁለተኛዋን ጠበቀች። ኮሪደሩ ላይ የሰው እግር ያልፋል፣ አንድ ሕፃን ያለቅሳል፣ ባለግሮሰሪዋ በሩ ላይ ቆማለች። ሁለተኛዋ አልመጣችም።

"ዶክተር" አለች። "ተጎድቻለሁ እያለ ነው።"

ሐኪሟ ባትሪዋን አብርታ ጎንበስ አለች። የወንድሟ ዐይኖች ተከፍተዋል። ብርሃኑ ከቀኝ ወደ ግራ ሄደ፣ ከግራ ወደ ቀኝ ተመለሰ። ዐይኖቹ አልተከተሉትም። እንዳሉ ጣሪያው ላይ ቀሩ።

"እህቴ" አለ፤ ድምፁ ደርቋል። "መጋረጃው ተዘጋ?"

ባለግሮሰሪዋ ጠርሙሱን ይዛ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

ልጅቷ እንደዚያን ቀን ፈርታ አታውቅም። እስካሁን የፈራችው እንዳይሞት ነበር፤ አሁን ግን ነገ ጠዋት የጫማውን ክር ማን እንደሚያስርለት ነው። ጣቷን አነሳችና መዳፉን ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረገችው። ደህና አልነበረችም። ግን ምልክቷ ሁለት ቃል ነበራት፤ እሷ የላከችለት ሁለተኛውን ነው። ቀጥል።

መዳፉ ቀስ ብሎ ተዘጋ፤ ጣቷንም ይዞ አስቀራት።